ሽጉጡ ለእሱ፣ ጥይቱ ለእሷ

ሐሙስ ዕለት፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ የአባቴ ቁም ሣጥን ሲከፈት ሰማሁ። ያ ቁም ሣጥን ከእሑድ በቀር ተከፍቶ አያውቅም። በሩ ሲከፈት እንደ ወገብ በሽተኛ ያቃስታል። አባቴ ቁልፍ ሠሪ ነው፤ የሰፈሩን ማጠፊያ ሁሉ ዘይት ሲቀባ ኖሮ የራሱን ሣጥን ግን አንድ ቀን ቀብቶት አያውቅም። ሰው ከነካው ይንገረኝ ብሎ ነው። እኔ ከግድግዳው ወዲህ ፀጉሬን እያበጠርኩ ነበር፤ ሚዶው ፀጉሬ ውስጥ እንደተሰካ ቀረ። ከማቃሰቱ በኋላ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ፣ ቀጥሎ የአባቴ እግር ወደ ሳሎን ሲሄድ ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ በወጥ ቤት በኩል የባቄላው ጣሳ ክዳን ተነሣ። እናቴ በዚህ ሰዓት ባቄላ ምን ያደርግላታል አልኩ። ያን ሰሞን በእኛ ቤት ክዳን የከፈተ ሰው ይጠረጠር ነበር።

ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለው ሽጉጥ ነው። ከአባቴ ታላቅ ወንድም የቀረ ውርስ ነው፤ የእጀታው እንጨት ተሰንጥቋል። እኔ ሳልወለድ አባቴና እናቴ ተጣልተው፣ ጠጥቶም ነበር አሉ፣ አባቴ አንድ ጥይት ወደ ጣራ ተኮሰ። ቀዳዳው ዛሬም አለ፤ ኮርኒሱ ላይ በጠርሙስ ቡሽ ተወትፏል፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ቡሹ ያብጣል። ያኔ ሽማግሌ ተቀመጠ። አባቴ «የወንድሜን ዕቃ አልጥልም» አለ። እናቴ «እኔም ከሞት ጋር አንድ ትራስ አልጋራም» አለች። ሽማግሌዎቹ ሲያወጡ ሲያወርዱ ዋሉና ፈረዱ፦ ሽጉጡ ለእሱ፣ ጥይቱ ለእሷ፤ ሁለቱ በአንድ እጅ እንዳይገቡ። እንደዚያው ኖርን። አባቴ እሑድ እሑድ ሽጉጡን አውጥቶ ይወለውላል፣ ይጠቀልላል፣ ይቆልፍበታል። እናቴ ግን ጥይቱን ቆልፋበት አታውቅም፤ አባቴ የማይከፍተው ቁልፍ የለማ። ከአሮጌ ሰማያዊ ሻሿ በቀደደችው ጨርቅ ትቋጥረዋለች። ጫፉን በጥርሷ ስባ ወደ ውስጥ የምትመልስበት የራሷ አቋጣጠር አላት፤ ሌላ ሰው ፈትቶ ቢመልሰው በዓይኗ ብቻ ታውቀዋለች። አባቴ ቁልፍ ያምናል፣ እናቴ ቋጠሮ ታምናለች። ሁለቱም የሚያምኑት ሰው ቢኖር አንድ ነው፤ እሱም ፍሬን ነው።

ፍሬን ታናሽ ወንድሜ ነው። ስሙን ያወጡለት ሾፌር ጓደኞቹ ናቸው፤ መንገድ ላይ ለርግብ ሳይቀር ይቆማል። «አንተ ልጅ፣ ነዳጅ የምትጨርሰው ቆመህ ነው» ይሉታል። የሚነዳው የአንድ የምክር ቤት አባል መኪና ነው። ሰውየውን ሁሉም «የተከበሩ» ነው የሚላቸው፤ እናቴ እንኳ ማታ ማታ «የተከበሩ ዛሬስ ምሳ አበሉህ ወይስ በንግግር አዋሉህ?» ትለዋለች። ፍሬን ወሬ አያመላልስም። አደራ ከሰጡት ከራሱም ይደብቀዋል።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ምክር ቤቱ በመሣሪያው ሕግ ላይ ድምፅ ይሰጣል። ከዓመት በላይ ተጨቃጭቀውበታል። ከተማው ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ይጽደቅ ባይና አይጽደቅ ባይ። ይጽደቅ ባዮቹ የሞቱባቸውን ልጆች ፎቶግራፍ ደረታቸው ላይ ይዘው ይወጣሉ። አይጽደቅ ባዮቹ ሌባ በሬን ሲሰብር በምን ልመልሰው፣ በጭልፋ? ይላሉ። የተከበሩ የአይጽደቅ ባዮቹ አፍ ነበሩ። የእኛን ሰፈር ያመሰው ግን ሕጉ ሳይሆን አንቀጽ አሥራ አንድ ነው። ፈቃድ የሌለው መሣሪያ ያለበትን ቤት ለጠቆመ ሰው ወሮታ ይከፈላል፣ ባለቤቱ ይታሰራል ይላል። ይህ በሬዲዮ ከተነበበ ጀምሮ ሰው ሰላምታውን አሳጠረ። መስኮት በቀን ይዘጋ ጀመር። ድሮ ጨው ሊበደር የሚገባ ጎረቤት አሁን ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጣራል፤ ከገባ ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ አያውቅማ። ሕጉ ገና ሳይወጣ ጥቆማው ቀድሞ ወጣ፤ ከእኛ ከፍ ብሎ ያለውን አናጺ ጠቁመውበት ፖሊስ ቢመጣ ያገኘው መሰርሰሪያ ነው። አናጺው ከዚያ ወዲህ ማንንም ሰላም አይልም። ማን እንደጠቆመው ስለማያውቅ ሁላችንንም ተቀይሞ ቁጭ አለ።

አባቴ ከሁሉ አብልጦ የሚጠረጥረው አማቹን ነው። ታናሽ እህቴን ያገባው መምህር ነው። አንድ ተማሪው በተባራሪ ጥይት ከሞተበት ወዲህ ይጽደቅ ባይ ሆኗል፤ ሕጉን ከነቁጥሩ ስለሚያነበንብ አባቴ «አንቀጽ» ብሎ ይጠራዋል። ፊት ለፊቱም ነው የሚጠራው። ይሄ አማች ሐሙስ ለምሳ ብቻዬን እመጣለሁ ብሎ ላከብን። እህቴ ሳትኖር፣ ያውም በድምፁ ቀን፣ ለምን ብቻውን? አባቴ ረቡዕን ሙሉ ይህን ሲያኝክ ዋለ።

ፀጉሬን ሳልጨርስ ወደ ሳሎን ወጣሁ። ፍሬን ኮቱን ለብሶ ቆሞ ዳቦ በሻይ ይበላል። መኪናው ደጅ ካለች ተቀምጦ አይበላም። አባቴ አጠገቡ ቆሞ፣ ጆሮው ደህና ሆኖ ሳለ፣ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገ። እናቴ ከወጥ ቤት ብቅ አለችና «አንተ ልጅ፣ ና እስቲ ጣሳውን አውርድልኝ» አለችው። ጣሳው ያለው መሬት ላይ ነው። ፍሬን አንዴ እኔን፣ አንዴ አባቴን አየና ገባ። ሲወጣ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም።

«አውርደህ ጨረስክ?» አልኩት።

«ጨረስኩ እታለም» አለና ከእጄ ላይ ዳቦዬን ቆርሶ ወጣ።

የአባቴን የተተኮሰ ሸሚዝ ልሰቅል ብዬ መኝታ ቤት ስገባ ቁም ሣጥኑ ሳይቆለፍ አገኘሁት። ቁልፉ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፤ አባቴን እርቃኑን ያየሁት ያህል ደነገጥኩ። ሽጉጡ የሚጠቀለልበት ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጧል፣ ውስጡ ባዶ ነው። ተመልሼ «አባባ፣ ዕቃውስ?» አልኩ።

«የምን ዕቃ?»

«ዕቃው ነዋ።»

«በዚህ ቤት ዕቃ የሚባል ነገር የለም። ኖሮም አያውቅም!» አለ፤ ይህን ያለው ለእኔ ሳይሆን ለመስኮቱ ነው። እናቴ ስኒ እያጠበች ጀርባዋን ሰጥታናለች። ጀርባዋ ያዳምጥ ነበር።

የምሠራው ከምክር ቤቱ ጀርባ ባለው ላውንደሪ ነው። የእኔ ዋና ሥራ ኪስ መፈተሽ ነው። ልብስ ወደ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት በእኔ እጅ ያልፋል፤ አንድ እስክሪብቶ የስንት ሰው ሸሚዝ እንደሚያበላሽ ባለቤቷ ታውቃለች። ባለቤቷን እንፋሎት እንላታለን፤ ስትናደድ ትንተከተካለች፣ ወዲያው ደግሞ ትበርዳለች። ኮት ለማጠብና ለመተኮስ መቶ ሃምሳ ብር ነበር፤ በድምፁ ሳምንት ሁለት መቶ አደረገችው። «አገር ሲጨቃጨቅ ሰው ያልበዋል» አለች። እውነቷን ነው፣ የምክር ቤቱ ሰዎች ልብስ በዝቶብን ነበር። ሰባት ዓመት ኪሳቸውን ፈትሼ የይጽደቅ ባዩና የአይጽደቅ ባዩ ኪስ ልዩነት አላገኘሁበትም፦ ከረሜላ፣ የጨጓራ መድኃኒት፣ የጥርስ እንጨት። ያን ጠዋት ግን ደንበኛው ሁሉ ልብሱን ሰጥቶ አይሄድም። ቆሞ እጄን ያያል። አንዱ ሽማግሌ «ልጄ፣ ያገኘሽውን ለማን ነው የምትሰጪው?» አሉኝ። «ለባለቤቱ» አልኳቸው። «እሱማ ድሮ ነው» ብለው ኪሳቸውን ራሳቸው ገልብጠው አሳዩኝ።

እኔ ግን ልቤ ቁም ሣጥኑ ጋ ነበር። ሽጉጡን ማን ወሰደው? እናቴ ናት እንዳልል እሷ አትነካውም። አባቴ ሸጦት ይሆን? ወይስ አማቹ ቀድሞ ሰው ልኮ አስወስዶታል? ረቡዕ ማታ እህቴ ስትደውል «አባባ ቁልፉን የት ነው የሚያስቀምጠው?» ያለችኝ መሰለኝ። ኋላ ሳስበው ያለችው ስለ ራሷ ቤት ቁልፍ ነበር። ሰው ከጠረጠረ የሰማውን ሁሉ ወደ ጥርጣሬው ይሰፋዋል።

አራት ሰዓት አካባቢ ፍሬን የተከበሩን ኮት ይዞ መጣ። «ቁርሳቸውን ግማሹን በልተው ግማሹን ለብሰውታል» አለ፤ ደረቱ ላይ የእንቁላል አስኳል አለ። «ከሰባት ሰዓት በፊት ድረሽልኝ፣ በሬዲዮ ብቻ ሳይሆን በቴሌቪዥንም ነው የሚናገሩት።» እንፋሎት ቆጣሪው ጋ ሆና ከመነጽሯ በላይ ታየናለች። የተከበሩን ኮት አስኳሉን አስለቅቄ፣ እሳት እንዳይነካው ጨርቅ አልብሼ ተኮስኩ። የፍሬንም ኮት ትከሻው ተጨማዷል፤ አውልቅ ብዬ ተቀበልኩት። እጄ ኪስ ሳያይ ልብስ አያስቀምጥም፤ ገባ። ጨርቅ ነካሁ። ውስጡ ጠጠር የመሰለ፣ ከጠጠር ግን የከበደ። ሳላወጣው በጣቴ ቋጠሮውን አወቅኩት።

«ይሄ የእማዬ ቋጠሮ አይደለም እንዴ?»

«ቀስ በይ እታለም፣ ሰው አለ።»

«ምን ልታደርግበት ነው?»

«ምን አደርግበታለሁ? አንቀጽ በልቶ እስኪሄድ ያዝልኝ አለች። አባትህ ሣጥኑን ሲከፍት ሰማሁ፣ አማቹ ላይ ነገር አስቦ ይሆናል፣ ጥይቱ ከቤት ይውጣልኝ አለች። ማታ እመልስላታለሁ።»

«ሽጉጡስ? ሣጥኑ እኮ ባዶ ነው።»

ካውያውን አየ። ከውስጡ እንፋሎት ሲወጣ እያየ «አባባን ጠይቂዋ» አለ።

«ጠየቅኩት። ዕቃ ኖሮን አያውቅም አለኝ።»

«እንግዲያው የለንም!» ብሎ ሳቀ። ኮቱን ከእጄ ወስዶ ለበሰ። «ደግሞ እንዳትፈቺው። ቋጠሮው ከተነካ ትገድለኛለች።»

«ምን ትንሾካሾካላችሁ እናንተ?» አለች እንፋሎት።

«እህቴ ዋጋ ቀንሺልኝ ስላት እንፋሎትን ጠይቃት ትለኛለች» አላት። እንፋሎት ሳትወድ ሳቀች። የተከበሩን ኮት በመስቀያው ከፍ አድርጎ፣ እንደ ሕፃን እየጠበቀ ይዞ ወጣ። መንገዱን ከመሻገሩ በፊት ቆሞ ግራና ቀኝ አየ፤ መኪና አልነበረም፣ ግን ቆመ።

ምሳ ሰዓት እንፋሎትን አስፈቅጄ ቤት ሄድኩ። አባቴና አማቹን ብቻቸውን መተው አልፈለግኩም። ስደርስ መምህሩ ጫማውን አውልቆ፣ ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። አባቴ ፊት ለፊቱ ወንበሩን ወደ መኝታ ቤቱ በር አስጠግቶ ተቀምጧል። ማን ይጠብቃል ማን ይጠበቃል አይታወቅም። እናቴ ሩዝና ድንች አቀረበች። ስለ ዝናብ ተወራ። ስለ ዘይት ዋጋ ተወራ፤ አንዱ ቀነሰ ይላል፣ ሌላው ጨመረ ይላል፣ ማንም ሌላውን አላመነም። ከዚያ ማንኪያ ብቻ ይሰማ ጀመር። መምህሩ ዓይኑን ኮርኒሱ ላይ ባሳረፈ ቁጥር ለአባቴ ቡሹን የሚያይ ይመስለው ነበር። በመጨረሻ መምህሩ ሳህኑን ገፋ አደረገ።

«አባባ፣ ዛሬ የመጣሁት ስለ አንቀጽ አሥራ አንድ አንድ ነገር ልነግርዎት…»

«አንቀጽህን ከጫማህ ጋር በር ላይ ትተህ ግባ ብዬህ አልነበር?»

«አባባ፣ ይስሙኝማ። የሚፈራ ነገር የለም፣ እንዲያውም ደህና ዜና ነው…»

«ለማን ነው ደህናው? ለጠቋሚው?» አለ አባቴ። «እኔ ቁልፍ ስሠራ ጸጉሬ ሸበተ ልጄ። በር ለመክፈት የመጣ ሰው አረማመዱን አውቀዋለሁ። ልጄን እቤትህ ትተህ ብቻህን የመጣኸው ልትፈትሽ ነው። ፈትሽ!» የሣጥኑን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው፤ ተንሸራቶ የመምህሩ ሩዝ ውስጥ ገባ። «ክፈት! አልጋ ሥር እይ! አታገኝም። ጠዋት ከዚህ ቤት ወጥቷል። ልጄ ወስዶታል። የተከበሩ መኪና ውስጥ፣ ከወንበር ሥር ተኝቷል። ያን መኪና የሚፈትሽ ገና አልተወለደም!»

እናቴ ሩዝ እያወጣች ነበር። ጭልፋው አየር ላይ ቆመ።

«የትኛው ልጅህ?» አለች።

«ስንት ወንድ ልጅ አለኝ?»

ጭልፋውን ሳህን ላይ ሳይሆን የጠረጴዛው ልብስ ላይ አስቀመጠችው። ሩዙ ፈሰሰ። «እኔም ለእሱ ነው የሰጠሁት» አለች።

«ምኑን?» አለ አባቴ። አባቴ ቀና ብሎ ቡሹን አየ። ከዚያ እናቴን አየ። ከሠላሳ ዓመት በላይ አንድ አልጋ ላይ ተኝተው በሁለት ሰው እጅ ያኖሩትን ነገር፣ እሱ ሚስቴ ለአማቼ ታስረክበዋለች ብሎ ፈርቶ፣ እሷ ባሌ አማቼን ያስፈራራበታል ብላ ፈርታ፣ በአንድ ጠዋት አንድ ልጅ ላይ ጭነውታል። ሁለቱም ደግሞ ለሌላው እንዳትናገር ብለው አስምለውታል። እሱም አልተናገረም።

ስልክ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሣም። ፍሬን እየነዳ ስልክ አያነሣም። መምህሩ በአንድ እግሩ ጫማ እያጠለቀ «ዛሬ በምክር ቤቱ የኋላ በር በኩል የሁሉም መኪና ይፈተሻል፣ ማንንም አይለዩም፣ ጠዋት እዛ ነበርኩ» አለ። «እኔም ልምጣ» አለ። «አንተ እዚሁ ሁን» አልኩት። ያኔም እንኳ አላመንኩትም።

ታክሲው እስከ አደባባዩ ብቻ ሄዶ ቆመ። መንገዱ ሞልቷል። በግራ በኩል ይጽደቅ ባዮች፣ በቀኝ በኩል አይጽደቅ ባዮች፣ መሐል ላይ ፖሊስ። በሁለቱም በኩል ድምፅ ማጉያ ይጮሃል፤ ሁለቱ ተደባልቀው አንዱም አይሰማም። እየተጋፋሁ በላውንደሪው በኩል አልፌ ወደ ኋላ በር ዞርኩ። አንዲት ፎቶግራፍ የያዘች ሴት ክንዴን ይዛ «የማን ወገን ነሽ?» አለችኝ። «ልቀቂኝ፣ ወንድሜ ነው» አልኳት። ምን እንደገባት አላውቅም፣ ለቀቀችኝ። ሁለት ጊዜ ጧ፣ ጧ ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። በዙሪያዬ ያለው ሰው ሁሉ ጎንበስ አለ። ከዚያ ሁሉም በአንድ አፍ «እነሱ ናቸው!» አለ፤ በግራ ያለውም፣ በቀኝ ያለውም።

የሆነውን የነገረኝ ከፍሬን ኋላ ተሰልፎ የነበረው ሾፌር ነው። የተከበሩ በፊት ለፊቱ በር ወርደው ለጋዜጠኞች እየተናገሩ ነበር። ፍሬን መኪናውን ሊያቆም ወደ ኋላ በር መጣ። ሌላ ቀን እጅ አውለብልበው የሚያሳልፉት ጥበቃዎች አልነበሩም፤ ለዚያ ቀን ብለው ከሌላ ቦታ ያመጧቸው ልጆች ናቸው። ቁም አሉት፣ ቆመ። ውረድ አሉት፣ ወረደ። ሲያይ እጃቸውን ከወንበሩ ሥር ሊያስገቡ ነው። «ከወንበሩ ሥር አንድ ዕቃ አለ፣ የአባቴ አደራ ነው፣ ባዶ ነው፣ እኔ ላውጣላችሁ» አላቸው፤ ሾፌሩ ይህን በጆሮው ሰምቷል። አደራውን ሌላ ሰው እንዲነካበት አልፈለገም መሰለኝ። ጎንበስ ብሎ ፌስታሉን ሳበ። ፌስታሉ የወንበሩ ብረት ላይ ተያዘና ተቀደደ፣ የሽጉጡ እጀታ ወጣ። ከጥበቃዎቹ ወጣቱ «መሣሪያ!» ብሎ ጮኸና ተኮሰ።

እኔ ስደርስ የመኪናው በር ክፍት ነው። የማስጠንቀቂያ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ከመውረዱ በፊት አብርቶት ነበር፣ ሲቆም ሁልጊዜ ያበራል። አላስጠጉኝም። ከጥበቃዎቹ እግር መሐል የአንድ ጫማውን ተረከዝ ብቻ አየሁ። «እህቱ ነኝ» ስል አንደኛው ሰው ወዲያው «ማን ላከው?» አለኝ። ሌላም ነገር አልጠየቀኝም። የተከበሩ ከሰዎች ጋር መጡ። ያን ጠዋት የተኮስኩትን ኮት ለብሰዋል፤ አስኳሉ በደንብ ለቋል። ማይክሮፎን ሲያቀርቡላቸው «ሾፌሩን የመደበልኝ መሥሪያ ቤቱ ነው፤ ከማን ጋር እንደሚገናኝ የማውቀው ነገር የለም» አሉ። ወደ እኔ ዞረው ነበር፣ ግን ላውንደሪ ውስጥ እንደሚያዩኝ ነው ያዩኝ፤ ልብሱን ብቻ ተቀብሎ እንደሚሄድ ሰው።

ማታ በሬዲዮ ሁለቱም ወገን ተናገሩ። ይጽደቅ ባዮቹ የተከበሩ የታጠቀ ሰው ምክር ቤት ሊያስገቡ ሲሉ ተያዘባቸው አሉ። አይጽደቅ ባዮቹ የተከበሩን ሊገድል የተላከ ሰው ነው አሉ። እንዲህ ሆኖ ወንድሜ በአንድ ቀን የሁለቱም ነፍሰ ገዳይ ሆነ። ድምፅ መስጠቱ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። አባቴን ወስደው ጠየቁት፤ ማን ላከው ነው ጥያቄያቸው። «እኔ ነኝ የላክሁት» አላቸው፤ ሌላ አልወጣውም። ያላመኑት ስለመሰለው ደጋግሞ ሲላቸው ሰነበተ፤ በኋላ ለቀቁት።

በሐዘኑ ቤታችን ሰው አልበዛበትም። የመጡትም ደጃፍ ላይ ቆመው ነው፤ ማን እንደሚያያቸው እያዩ። አናጺው ግን ገብቶ ተቀመጠ። መምህሩ ከእህቴ ጋር ግድግዳ ሥር ተቀምጦ ሰነበተ፤ አባቴ አንድ ቃል አልተነፈሰለትም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሲሳሳ፣ መምህሩ መሬት መሬት እያየ ተናገረ። አንቀጽ አሥራ አንድ ማክሰኞ ዕለት በኮሚቴ ተሰርዞ ነበር አለ። አሮጌ መሣሪያ ያለው ሰው ማን ነህ ከየት አመጣኸው ሳይባል የሚያስረክብበት ጊዜ ተሰጥቶ ነበር። ገና በሬዲዮ ስላልተነገረ፣ ነገሩ ደግሞ በስልክ የሚወራ ስላልነበረ፣ ራሱ መጥቶ ሊነግረን ነው ምሳ የመጣው። እህቴን ያላመጣት ልጃቸው አሞት ነው። አባቴ ተነሥቶ ሄዶ የቁም ሣጥኑን ማጠፊያ ዘይት ቀባው።

ሕጉ በዚያው ዓመት መጨረሻ ጸደቀ። የተከበሩም እጃቸውን ለድጋፍ አወጡ። ምርመራው ሲያልቅ ሽጉጡ ውስጥ ምንም ጥይት እንዳልነበረ ተጻፈ። ጥይቶቹ በኮቱ የውስጥ ኪስ፣ እንደተቋጠሩ ተገኝተዋል። ሽጉጡ አልተመለሰልንም፣ አባቴም አልጠየቀም። ጨርቁን ግን ለእናቴ አስፈርመው መልሰውላታል። መፍታት አቅቷቸው ጎኑን በመቀስ ቀደው ነው ጥይቱን ያወጡት፤ ቋጠሮው እስከ ዛሬ እንደታሰረ ነው።